በመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ላይ የሚደረግ ከፊል ማስተካከያ፦ ታሪኩና ለትምህርት ያለው ትርጉም

መግቢያ

በትምህርት ቤቶች ውስጥ ከሚያገለግሉት የማስተማሪያ መሣሪያዎች መካከል ፎቶግራፍ የተለየ ቦታ አለው። ካርታውን፣ ሠንጠረዡንና በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ሥዕል የሰው እጅ እንደ ሠራቸው ተማሪው ማንም ሳይነግረው ይገነዘባል። ስለ ፎቶግራፍ ያለው አመለካከት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በጂኦግራፊ መጽሐፉ ውስጥ የአንድን ተራራ፣ የአንድን ሸለቆ ወይም በጎርፍ የተሸረሸረን መሬት ፎቶግራፍ ሲመለከት፣ ቦታውን ራሱን በመስኮት እንዳየው ያህል ይቆጥረዋል። «ማየት ማመን ነው» የሚለው አነጋገር ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ በእጅ ስልክ ውስጥ በሚገኝ ፕሮግራም አማካይነት ማንም ሰው ከአንድ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ውስጥ ሰማዩን ብቻ ለይቶ ማጥቆር፣ ሣሩን ብቻ ማለምለም ወይም በጥላ የተሸፈነውን ገደል ብቻ ማብራት ይችላል። ይህ አሠራር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ከፊል ማስተካከያ» ተብሎ ተጠርቷል። ትርጉሙም ጠቅላላውን ሥዕል ሳይነኩ የተመረጠውን ክፍል ብቻ መለወጥ ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን አሠራር ኮምፒዩተር ያመጣው አዲስ ነገር አድርገው ይመለከቱታል። ከዚህም በመነሣት አንዳንዶቹ «የድሮው ፎቶግራፍ ይታመናል፣ የዛሬው አይታመንም» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ። ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር ግን ይህ ድምዳሜ ትክክል ሆኖ አይገኝም። ከፊል ማስተካከያ ከፎቶግራፍ ጥበብ ጋር አብሮ ያደገ ሲሆን፣ ዕድሜውም ከኮምፒዩተር ዕድሜ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ መምህሩ ለተማሪው ሊያስተምረው የሚገባው ጥያቄ «ይህ ፎቶግራፍ በእጅ ተነክቷል ወይስ አልተነካም?» የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም። ምኑ ተነካ? ለምን ተነካ? ለተመልካቹስ ተነግሮታል ወይ? የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይበልጥ ጠቃሚዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የእነዚህን ጥያቄዎች አስፈላጊነት በታሪክ ማስረጃ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

የችግሩ መነሻ፦ ባዶው ሰማይ

እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከቆዩት በካሜራ የተነሡ ፎቶግራፎች የመጀመሪያው፣ ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት ያነሣው የጣሪያዎችና የግቢ ትዕይንት ነው። ሥዕሉን ለመቅረጽ እጅግ ረጅም ሰዓት አስፈልጎ ስለነበር፣ ፀሐይ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተሻግራለች። ከዚህም የተነሣ በሥዕሉ ላይ የሚታዩት ሕንፃዎች በሁለቱም ጎን ብርሃን አርፎባቸው ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ትዕይንት የሰው ዓይን በአንድ ቅጽበት ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ካሜራ ገና ከጅምሩ ዓለምን የሚያየው በራሱ ባሕርይ እንጂ እንደ ሰው ዓይን አልነበረም ማለት ነው።

በመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ላይ ከፊል ማስተካከያን ግድ ያደረገው ግን ከዚህ በኋላ የመጣው የመስታወት ሳህን ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ኮሎዲየን በተባለ አጣባቂ ፈሳሽ የተቀባ የመስታወት ሳህን ለፎቶግራፍ ማንሻ የሚውልበትን ዘዴ አሳወቀ። ሳህኑ ሳይደርቅ መቀባትም፣ ፎቶ መነሣትም፣ መታጠብም ስለነበረበት፣ ወደ ገጠር የሚወጣ ፎቶግራፍ አንሺ የጨለማ ድንኳኑንና መድኃኒቶቹን ተሸክሞ ይጓዝ ነበር። ዘዴው የሚሰጠው ሥዕል በጣም ጥርት ያለ በመሆኑ ግን ከሠላሳ ዓመት ገደማ በላይ ሲሠራበት ቆይቷል።

የዚህ ሳህን ትልቁ ጉድለት ለቀለማት እኩል አለመሆኑ ነበር። ለሰማያዊ ብርሃን በጣም ፈጣን ሲሆን፣ ለአረንጓዴና ለቀይ ግን ደንዝዞ ይቀራል። ፎቶግራፍ አንሺው ዛፉና መሬቱ በሚገባ እስኪቀረጹ ድረስ ቢጠብቅ ሰማዩ በብርሃን ተጥለቅልቆ ደመናው ሁሉ ይጠፋና በወረቀቱ ላይ ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለሰማዩ ብሎ ቢያሳጥረው ደግሞ መሬቱ ጨልሞ ይቀራል። በአጭሩ፣ ሰማይንና ምድርን በአንድ ሳህን ላይ አስማምቶ ማስፈር አስቸጋሪ ነበር። በዚያ ዘመን በተነሡት ብዙ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች ላይ ሰማዩ ደመና አልባ ሆኖ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ፣ በዕለቱ ሰማዩ የግድ ጠርቶ ስለነበረ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ተማሪ፣ ምንም ካልተነካው ሥዕል ላይ የተሳሳተ የአየር ጠባይ መረጃ ሊያነብ ይችላል። እንግዲህ «አለመነካት» ብቻውን የእውነተኛነት ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለት ኔጋቲቭ፣ አንድ ሥዕል

ለዚህ ችግር ስመ ጥር የሆነውን መፍትሔ ያቀረበው ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ነው። ለ ግሬ በ1856 እና በ1857 ገደማ በኖርማንዲና በሜዲትራንያን ጠረፎች የባሕር ፎቶግራፎችን አነሣ። ከእነዚህም መካከል በ1857 በሴት ወደብ ያነሣው «ታላቁ ማዕበል» የተባለው ሥራው በጣም የታወቀ ነው። ማዕበሉና ደመናው እኩል ደምቀው የሚታዩበት ይህ ሥዕል የተሠራው ከሁለት ኔጋቲቮች ነበር። አንደኛው ለባሕሩ፣ ሁለተኛው ለሰማዩ የተነሣ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የባሕሩ ኔጋቲቭ በወረቀቱ ላይ ይቀመጥና የሰማዩ ክፍል ብርሃን እንዳያገኘው በመሸፈኛ ይጋረዳል። የባሕሩ ክፍል ከታተመ በኋላ ኔጋቲቩ ተነሥቶ የሰማዩ ኔጋቲቭ ይተካል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የታተመው ባሕር ይጋረዳል። የሁለቱ ሥዕሎች መገጣጠሚያ የአድማሱ መስመር ስለሆነ፣ ቀጥ ያለ የባሕር አድማስ መገጣጠሚያውን ለመደበቅ በጣም ይመቻል። ተራሮችና ዛፎች ያሉበት ያልተስተካከለ አድማስ ግን ሥራውን እጅግ ከባድ ያደርገዋል። አንባቢው ይህን ነጥብ እንዲያስታውሰው ይፈለጋል፤ ምክንያቱም ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎች የታገሉት ከዚሁ ከጠርዙ ችግር ጋር ነውና።

ለ ግሬ አንዱን የሰማይ ኔጋቲቭ ከአንድ በላይ ለሆኑ ሥዕሎች ተጠቅሞበታል። ስለዚህ በተለያየ ቦታ በተነሡ ባሕሮች ላይ ያው አንዱ ደመና ሲያንዣብብ ይታያል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን መለየት ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ አንሺው በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት የነበረውን ሰማይ በሁለተኛ ኔጋቲቭ አንሥቶ ቢያጣምር፣ የሳህኑን ጉድለት አሟላ እንጂ ስለ ቦታው ሐሰት አልተናገረም። ከሌላ ቦታና ከሌላ ቀን የመጣ ደመና ሲጨምር ግን፣ ያልነበረን ነገር እንደነበረ አድርጎ ማቅረቡ ነው። የእጁ ሥራ በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ለማስረጃነት ያለው ዋጋ ግን ፈጽሞ ይለያያል።

ሌሎች ደግሞ ችግሩን ካሜራው ላይ ለመፍታት ሞክረዋል። በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1869 የሰማዩን ብርሃን ለተወሰነ ጊዜ የሚጋርድ መሣሪያ ሠርቶ አስተዋውቋል። መሬቱ ረዘም ያለ ብርሃን ሲያገኝ ሰማዩ አጠር ያለ ብርሃን ያገኛል። ይህ እንግዲህ ፎቶግራፉ ከመታተሙ አስቀድሞ፣ ገና በመነሣት ላይ እያለ የተደረገ ከፊል ማስተካከያ ነው።

በዚሁ በ1869 እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን የፎቶግራፍን የሥዕል ውበት የሚመለከት መጽሐፍ አሳትሞ፣ ብዙ ኔጋቲቮችን አጣምሮ ማተም ተገቢ የጥበብ ዘዴ መሆኑን አስተማረ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ማለትም በ1889፣ በምሥራቅ እንግሊዝ የኖርፎክን ረግረጋማ አገርና የነዋሪዎቹን ኑሮ በፎቶግራፍ በማቅረብ የታወቀው ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን ይህን አስተሳሰብ የሚቃወም መጽሐፍ አወጣ። እንደ ኤመርሰን አስተያየት ፎቶግራፍ ተፈጥሮን ዓይን እንደሚያየው ማሳየት ይገባዋል፤ ቆርጦ መቀጠልና በእጅ ማደስ ይህን ያበላሻል። ዛሬ በኮምፒዩተር ስለሚስተካከሉ ሥዕሎች የሚነሣው ክርክር በመሠረቱ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ክርክር ብዙም የራቀ አይደለም።

ብርሃንን መለወጥና ነገርን መለወጥ

የሳህኑ ጉድለት ቀስ በቀስ ተስተካከለ። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኸርማን ቪልሄልም ፎገል በ1873 ቀለም በመጨመር ሳህኑ ለሰማያዊ ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ቀለማትም ንቁ ሊሆን እንደሚችል ደረሰበት። በ1906 ደግሞ ለሁሉም ቀለማት የሚያገለግሉ ሳህኖች በእንግሊዝ አገር ለገበያ ቀረቡ። ከዚህ በኋላ በሌንሱ ፊት ቢጫ ወይም ቀይ ማጣሪያ በማድረግ ብቻ ሰማዩን ማጥቆርና ደመናውን ማጉላት ተቻለ። ይሁን እንጂ የከፊል ማስተካከያ ልማድ ከምክንያቱ ጋር አብሮ አልቀረም፤ እንዲያውም ወደ ጨለማው ክፍል ገብቶ የረቀቀ ጥበብ ሆነ።

የዚህ ጥበብ ታላቅ ምሳሌ ከ1902 እስከ 1984 የኖረው አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ነው። አዳምስ ኔጋቲቭን በኖታ ከተጻፈ ሙዚቃ፣ ኅትመቱን ደግሞ ሙዚቃውን ከመጫወት ጋር ያመሳስለው ነበር። ኖታው አንድ ሲሆን አጨዋወቱ እንደየጊዜው ይለያያል። በጨለማው ክፍል ውስጥ የሚጠቀምባቸው ሁለት ዋና ዘዴዎች ቀላል ናቸው። በማጉያው ብርሃንና በወረቀቱ መካከል በሽቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ቁራጭ ካርቶን ሲያዝ፣ የተጋረደው ክፍል ብርሃን ስለሚያንሰው ነጣ ብሎ ይወጣል። መካከሉ በተበሳ ካርቶን አማካይነት ለአንዱ ክፍል ብቻ ተጨማሪ ብርሃን ሲሰጥ ደግሞ ያ ክፍል ይጠቁራል። ጠርዙ ጎልቶ እንዳይታይ ካርቶኑን ሳያቋርጡ ማወዛወዝ ያስፈልጋል።

አዳምስ በኖቬምበር 1 ቀን 1941 በኒው ሜክሲኮ በሄርናንዴዝ መንደር ላይ የወጣችውን ጨረቃ አነሣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስለተቃረበች የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ አልነበረውም፤ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር በዚያው አስልቶ አንድ ሥዕል ብቻ ለመቅረጽ በቃ። በ1948 የኔጋቲቩን የታችኛውን ክፍል ብቻ፣ ይኸውም መንደሩና መቃብሩ ያሉበትን፣ በመድኃኒት አጠነከረው። ለብዙ ዓመታት በተደጋጋሚ ሲያትመውም ሰማዩን እያጠቆረው ሄደ። በመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ላይ በሰማዩ ከፍተኛ ክፍል ቀጫጭን ደመናዎች ይታያሉ፤ በኋለኞቹ ላይ ግን ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ደመናዎቹ ጠፍተዋል። ሁለቱን ኅትመቶች የሚያነጻጽር ተማሪ ሁለት የተለያዩ ምሽቶች ሊመስሉት ይችላሉ።

ይህም ሆኖ ፎቶግራፉ ማስረጃነቱን ጨርሶ አላጣም። ሥዕሉ የተነሣበት ቀን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ1991 የሥነ ፈለክ ስሌት በጨረቃዋ ቦታ ላይ ተመሥርቶ ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ አሳይቷል። ይህ ሊሆን የቻለው አዳምስ የሥዕሉን ብርሃን እንጂ የነገሮቹን አቀማመጥ ስላልለወጠ ነው። ጨረቃዋን ለውበት ብሎ ወደ ጎን አዛውሯት ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ከንቱ በሆነ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሥራ አለው። በ1944 በካሊፎርኒያ፣ ሎን ፓይን ከተባለች ከተማ ሆኖ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች በክረምት ማለዳ አነሣ። ከፊት ለፊት በሚገኙት ጥቁር ኮረብታዎች ላይ የከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የከተማዋን ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት በትልልቁ በነጭ ሠርተው ነበር። አዳምስ ፊደላቱ የተፈጥሮን ውበት ያበላሻሉ ብሎ ስላመነ፣ የቻለውን ያህል ከኔጋቲቩ አጥፍቶ የቀረውንም በየኅትመቱ ላይ በቀለም ይሸፍነው ነበር። ይህንንም በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ በግልጽ ጽፏል። በሥነ ጥበብ ረገድ ለውሳኔው የሚከራከርለት አይጠፋም። የዚያን ትምህርት ቤት ታሪክ ለሚያጠና ሰው ግን ሥዕሉ የተማሪዎቹን ሥራ እንዳልነበረ አድርጎ ያቀርባል። ይህ ታሪክ ዛሬ ሊታወቅ የቻለውም ሠሪው ራሱ ስለተናገረ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከጨለማው ክፍል ወደ ኮምፒዩተር

የኮምፒዩተር ዘመን የመጀመሪያው ታላቅ ክርክር የተነሣው በመልክዓ ምድር ሥዕል ላይ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት በየካቲት 1982 እትሙ ሽፋን ላይ የጊዛን ፒራሚዶች አወጣ። ዋናው ፎቶግራፍ በአግድም የተነሣ በመሆኑ ከቁመታሙ ሽፋን ጋር እንዲስማማ በኮምፒዩተር መሣሪያ አማካይነት አንደኛው ፒራሚድ ወደ ሌላው እንዲጠጋ ተደረገ። ነገሩ ሲታወቅ ብዙ ተቃውሞ ስለ ተነሣ፣ የመጽሔቱ ኃላፊዎች እንዲህ ያለው አሠራር እንደማይደገም በኋላ አስታውቀዋል። የጂኦግራፊ መምህር የተቃውሞውን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም። በሁለት ሐውልቶች መካከል ያለው ርቀት የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የመሬቱ መረጃ ነውና።

በ1987 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን ይከታተል የነበረው ቶማስ ኖል የፎቶሾፕን መሠረት መጻፍ ጀመረ። ወንድሙ ጆን ኖልም አብሮት ሠርቶ፣ ፕሮግራሙ በ1990 በአዶቢ ኩባንያ በኩል ለገበያ ቀረበ። የሥዕሉን አንድ ክፍል በመስመር ከብቦ ወይም በቀለሙ ለይቶ መምረጥ፣ ከዚያም የተመረጠውን ብቻ መለወጥ የፕሮግራሙ ዋነኛ አገልግሎት ሆነ። በኋላ በተጨመሩት መሣሪያዎች ላይ ለማንጣት የሚያገለግለው ምልክት በዘንግ ጫፍ ያለ ክብ ካርቶን፣ ለማጥቆር የሚያገለግለው ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ጭብጥ እጅ ነው። እንግዲህ የጨለማው ክፍል ባለሙያ የእጅ እንቅስቃሴ ለኮምፒዩተሩ ተላልፏል ማለት ነው።

በ1994 በወጣው ሦስተኛው የፎቶሾፕ ዓይነት አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ እንደ ግልጽ ወረቀት መደራረብ ተቻለ። በእያንዳንዱም ንጣፍ ላይ መሸፈኛ ማድረግ ይቻላል። መሸፈኛው ነጭ በሆነበት ቦታ ለውጡ ይታያል፣ ጥቁር በሆነበት ይደበቃል፣ ግራጫ በሆነበት ደግሞ በከፊል ይታያል። ይህ የለ ግሬ መጋረጃ ነው፤ ልዩነቱ ጠርዙን እንደ ተፈለገው ማለስለስ መቻሉና ስሕተት ሲገኝ እንደገና ማረም መቻሉ ነው። በ2007 የወጣው ላይትሩም የተባለው ፕሮግራም፣ በ2008 በሁለተኛው ዓይነቱ የሥዕሉን ከፊል በብሩሽ ማስተካከልንና ሰማዩን ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ ማጥቆርን ጨመረ።

የኋለኛው ዘመን ለውጥ ደግሞ የእጅን ሥራ ራሱን አስቀርቶታል። ፎቶሾፕ በ2020 ሰማዩን በራሱ ለይቶ በሌላ ሰማይ የሚተካ መሣሪያ አወጣ፤ ላይትሩምም በ2021 ሰማዩን በአንድ ትእዛዝ የሚመርጥ ዘዴ ጨመረ። ለ ግሬ በቀጥተኛው የባሕር አድማስ ላይ ብቻ ሊደብቀው የቻለውን መገጣጠሚያ፣ ዛሬ ማሽኑ በዛፍ ቅርንጫፎች መካከል እንኳ ያከናውነዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ በጎ ለውጥ መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። አዳምስ በ1948 በመድኃኒት የነካው ኔጋቲቭ ወደ ቀድሞው ሁኔታው ሊመለስ አይችልም ነበር። በአሁኖቹ ፕሮግራሞች ግን ዋናው ሥዕል ሳይነካ ተቀምጦ፣ ማስተካከያዎቹ እንደ ትእዛዝ ዝርዝር ለብቻቸው እንዲመዘገቡ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ኮምፒዩተር ማታለልን ያቀለለውን ያህል፣ የተደረገውን ለውጥ መዝግቦ ማሳየትንም አቅልሏል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው።

ፎቶግራፍ የመሬት ማስረጃ ሲሆን

ጉዳዩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በትምህርት መጽሔት ላይ ይህን ያህል ቦታ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ የመንግሥትን ውሳኔና የሳይንስን ድምዳሜ ሲደግፍ ቆይቷል። ካርልተን ዋትኪንስ በ1861 ያነሣቸው የዮሰሚቴ ሸለቆ ፎቶግራፎች፣ ሸለቆው በ1864 ለሕዝብ ጥቅም ተከብሮ እንዲጠበቅ ለወጣው የአሜሪካ ሕግ ድጋፍ እንደሆኑ ይታወቃል። ውሳኔውን ከሰጡት ሰዎች ብዙዎቹ ቦታውን በዓይናቸው አላዩትም ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በአገራችን የሚገኝ ነው። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት የመሐንዲስ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች በጉዟቸው ላይ የሰሜን ኢትዮጵያን ተራሮችና ሸለቆዎች አንሥተዋል። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ከቤልጅየምና ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ፎቶግራፎቹ የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው በማግኘት፣ ያንኑ ትዕይንት ከዚያው ስፍራ ቆመው እንደገና አነሡ። በ2009 የታተመው የጥናቱ ውጤት ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነበር። መሬቱ በ1868 ራሱ የተራቆተ እንደነበረና፣ በተጠኑት ቦታዎች የዕፅዋቱ ሽፋንና የአፈር ጥበቃው በኋላ ተሻሽሎ እንደ ተገኘ አመለከተ። የመሻሻሉም አንዱ ምክንያት ገበሬው የሠራው እርከንና ከልቅ ግጦሽ የተጠበቀው ኮረብታ ነው።

እንግዲህ አንባቢው ይህን ውጤት ከላይ ከተገለጹት የጨለማ ክፍል ዘዴዎች ጋር ያገናዝበው። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ቁጥቋጦ የሚታወቀው በጥቁር ነጠብጣብነቱ፣ የተራቆተ መሬት ደግሞ በንጣቱ ነው። አንድ ሰው የቆየውን ሥዕል ለማሳመር ብሎ የኮረብታውን ገጽ ብቻ ቢያጠቁረው፣ ሳያስበው የሌለ ደን ሊተክልበት ይችላል። ቢያነጣው ደግሞ የነበረውን ቁጥቋጦ ይመነጥረዋል። በዚህ ዓይነት ሥዕል ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ገና ከመነሻው ይሳሳታል። ስለ ገበሬው የመቶ ዓመት ሥራ የሚሰጠው ፍርድም የተዛባ ይሆናል።

በአንጻሩ ደግሞ ከፊል ማስተካከያ ለእውነት የሚያገለግልበት ጊዜ አለ። በጥላ የተዋጠው የገደሉ ክፍል ለብቻው ሲበራ፣ በኔጋቲቩ ላይ ተቀርጾ ሳለ ለዓይን ያልታየ ዛፍ ወይም እርከን ሊገለጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማስተካከያው አዲስ ነገር አልጨመረም፤ የነበረውን አነበበ እንጂ። ልዩነቱም ከዚህ በፊት እንደተመለከተው ነው። ድርጊቱ ካሜራው የቀረጸውን ግልጥ ማድረግ ነው ወይስ ያልቀረጸውን መጨመርና የቀረጸውን መሰረዝ? እንደ አዳምስ ደመናዎች፣ ብርሃን ብቻ ተለውጦም የነበረ ነገር ሊጠፋ ስለሚችል፣ የለውጡ መጠንም መመዘን ይኖርበታል።

ለመማሪያ መጽሐፍና ለክፍል ሥራ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና ለመምህራን የሚከተሉትን ነጥቦች ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ በመማሪያ መጽሐፍ የሚወጣ እያንዳንዱ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ የተነሣበት ቦታ፣ ወርና ዓመት ከሥሩ ሊጻፍ ይገባል። በክረምት ማግሥት የተነሣ ኮረብታና በበጋ የተነሣው ያው ኮረብታ ፈጽሞ የተለያየ ትምህርት ስለሚሰጡ፣ ወሩን መተው ራሱ አንድ ዓይነት ማሳሳት ነው። ከፊል ማስተካከያ ተደርጎ ከሆነም «ሰማዩ ጠቁሯል» ወይም «ጥላው በርቷል» የሚል አጭር ማስታወሻ ይበቃል። ነገር የተጨመረበት ወይም የተቀነሰበት ሥዕል ግን ፎቶግራፍ ተብሎ ሳይሆን ሥዕላዊ መግለጫ ተብሎ ቢቀርብ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዋናው ሥዕል ከተስተካከለው ቅጂ ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል። መጽሐፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሻሻል አዲሱ አዘጋጅ የቀድሞውን ሠሪ እጅ ከመሬቱ ለይቶ ማወቅ የሚችለው ዋናው ሲገኝ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ይህን ነገር በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ ራሳቸው ሠርተው ቢያዩት የበለጠ ይገባቸዋል። በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የሚገኝን ኮረብታ በአንድ የእጅ ስልክ አንሥቶ፣ አንደኛው ቡድን መሬቱ የለማ እንዲመስል፣ ሁለተኛው ቡድን የተራቆተ እንዲመስል ሰማዩን፣ ጥላውንና የሣሩን ቀለም ብቻ እንዲያስተካክል ማድረግ ይቻላል። እያንዳንዱ ቡድን የወሰደውን እርምጃ በቅደም ተከተል ይመዘግባል። ከዚያም ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ክፍሉ በሙሉ ወደ ኮረብታው ወጥቶ ያመሳክራል። ስልክ በማይገኝበት ትምህርት ቤት ደግሞ መምህሩ አንድ የታተመ ፎቶግራፍ ወስዶ በካርቶን መስኮት አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ መሬቱን ብቻ በማሳየት፣ የአንዱ መጋረድ የሌላውን ትርጉም እንዴት እንደሚለውጥ ሊያስተምር ይችላል።

ማጠቃለያ

ከለ ግሬ የመስታወት ሳህን እስከ ዛሬው የእጅ ስልክ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ መሣሪያው ብዙ ተለዋውጧል፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ሰማዩን ከምድሩ ለይቶ መንካት በመጀመሪያ የሳህኑን ጉድለት ለማሟላት የተፈጠረ ዘዴ ነበር። ቆይቶ የጥበብ ቋንቋ ሆነ፤ በመጨረሻም ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ የሚፈጽመው ተራ ሥራ ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ፎቶግራፍን ታማኝ ያደረገው አለመነካቱ ሳይሆን፣ የነካው ሰው ምን እንደነካ መናገሩ ነው።

የአገራችን መሬት በፎቶግራፍ የሚመዘንበት ጊዜ እየበዛ ይሄዳል። እርከን የተሠራበት፣ ደን የተተከለበት ወይም ጎርፍ ያጠበው ኮረብታ ዛሬ የሚነሣው ሥዕል ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ፣ የ1868ቱ ሥዕሎች ለእኛ ዘመን እንደሆኑት ሁሉ ምስክር ይሆናል። ያን ምስክርነት የሚያነሡትም፣ የሚያስተካክሉትም፣ የሚያነቡትም ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው። ስለሆነም ሥዕልን መመርመር እንደ ካርታ ማንበብ ሁሉ ከጂኦግራፊ ትምህርት ጋር አብሮ ሊሰጥ ይገባዋል።